«ንቡ መቼ መጣ?»

አምቦ ላይ ከመስቀል እስከ ኅዳር አጋማሽ ስልኬ ከበርና መስኮት ሥራ ይልቅ ለንብ ነው የሚጮኸው። ሙያዬ አናጢነት ነው። ንቡን ከአባቴ ተማርኩት፤ ጉደር አጠገብ በነበረው ግቢያችን ቀፎ ሳይሰቀል የዋለ ዛፍ አልነበረም። ሁለቱ ሙያ እኔ ላይ ስለተገናኘ «ኮርኒስ ውስጥ ንብ ገባብን»፣ «አቮካዶው ላይ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል»፣ «የቆጣሪው ሳጥን ድምፅ ያሰማል» የሚል ሁሉ ወደ እኔ ይደውላል። ደዋዩ እየጮኸ ነው የሚያወራው። ከኋላው ልጆች ይንጫጫሉ፣ አንድ ጎረምሳ «ነጭ ጋዝ አምጡ!» ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ሁልጊዜ ያው ነው፤ መቼ መጣ?

ዛሬ ረፋዱ ላይ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሳምንት ካለፈው ሌላ ነው። «ቤቱን ስንከራይም ነበረ» ካሉኝ ደግሞ መሰላል፣ መጋዝ፣ ወፍራም ጓንትና አንድ ሙሉ ሌሊት የሚጠይቅ ሥራ መጣ ማለት ነው። ሰው ንብ ሲያይ የሚያስደነግጠው ብዛቱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ንቡ የሚጠብቀው ነገር አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው፤ እሱን የሚወስነው ደግሞ የቆየበት ጊዜ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባና መጩ ሲፈነዳ፣ ከአምቦ ወደ ጉደር የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ በኑግ ቢጫ ሲለብስ፣ ቀፎ ውስጥ ምግብ ይትረፈረፋል። አውራዋ ንብ በቀን ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ቀፎው ይጠብባል። ያኔ ሠራተኞቹ በማር እንጀራው ጠርዝ ላይ ከሌላው የተለየ፣ ወደ ታች የሚንጠለጠል ቤት ሠርተው አዲስ አውራ ማሳደግ ይጀምራሉ። አዲሷ ከመፈልፈሏ በፊት አሮጌዋ ግማሽ ያህሉን ሠራዊት ይዛ ትወጣለች። የሞላውን ቤት፣ ማሩንም እጩንም ለልጇ ትታ የምትሰደደው እናት ናት። ሲወጡ ለመንገድ የሚሆናቸውን ማር በሆዳቸው ይሞላሉ። ሰማዩን ሞልተው ጥቂት ከዞሩ በኋላ አንዱ የዘይቱን ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዳንዴም የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ፣ እርስ በርስ ተያይዘው ይንጠለጠላሉ።

ግቢው የሚሸበረው ይኼኔ ነው። ይሁንና ተንጠልጥሎ ያለ መንጋ ማር የለውም፣ እጭ የለውም፣ ቤትም የለውም። የሚሞትለት ነገር ስለሌለ ካልነኩት አይነካም። ልጅ ድንጋይ ቢወረውርበት፣ ሰው በውኃ ቢረጨው ወይም ከሥሩ እሳት ቢያነድበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጆቹን ወደ ቤት አስገቡ፣ በጉን ፈትታችሁ ወደ ጓሮ አዙሩ፣ የልብስ አጠባውን ለነገ አቆዩት። እስከ ማታ የሚሠራው ይኸው ነው።

ተንጠልጥለው ምን እንደሚጠብቁ ለማወቅ ሰው ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1949 ማርቲን ሊንዳወር የሚባል ጀርመናዊ ሙኒክ ከተማ ውስጥ ቁጥቋጦ ላይ የሰፈረ መንጋ ሲመለከት በመንጋው ላይ የሚወዛወዙ ንቦች አየ። ንብ ያገኘችውን አበባ አቅጣጫና ርቀት በውዝዋዜ ለጓደኞቿ እንደምትነግር መምህሩ ካርል ፎን ፍሪሽ ቀድሞ ደርሶበት ነበር። እነዚህ ግን የአበባ ብናኝ አልያዙም። አንዳንዷ በጥላሸት ጠቁራለች፣ ሌላዋ በጡብ አቧራ ቀልታለች። ከተማዋ በጦርነቱ ፈራርሳ ስለነበር ንቦቹ የጭስ ማውጫና የፈረሰ ግድግዳ እየገቡ ቤት ሲያዩ ነበር የዋሉት። እያንዳንዷ ቤት ፈላጊ ያየችውን ቦታ በውዝዋዜ ትናገራለች፤ የተሻለ ቤት ያገኘችው ደጋግማ ትወዛወዛለች፤ ሌሎቹ ሄደው አይተው ይመለሳሉ፤ ኋላ ሁሉም በአንዱ ይስማማሉ። ሊንዳወር አምቦ ቢመጣ የግድግዳ ምርግና የቆርቆሮ ዝገት የተቀቡ ንቦች ያገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። የእኛ ከተማ ለንብ የምታቀርበው ቤት እሱ ነው፤ በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል ያለ ባዶ፣ ምርጉ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ፣ ክዳኑ የላላ የቆጣሪ ሳጥን፣ ጓሮ የተጣለ በርሜል።

ይህ ምክክር ጥቂት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ሁለት ሦስት ቀንም ሊወስድ ይችላል። ሳትነኩት ብትተዉት መንጋው ብዙ ጊዜ በራሱ ተነስቶ ይሄዳል። የሚሄድበት ቦታ የጎረቤት ኮርኒስ ሊሆን ስለሚችል ግን «ይሄዳል ተዉት» ማለቱ መልካም ጉርብትና አይመስለኝም። ንብ የሚያረባ ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አይጠፋም። መንጋ ለእሱ ሲሳይ ነው፤ በጥሪያችሁ ቅር አይለውም።

መንጋ ሲያዝ አይታችሁ ካላወቃችሁ አንድ ጊዜ ከሩቅ ሆናችሁ ብታዩት ደስ ይላል። ፀሐይ ጠልቃ ብርሃን ገና ሳይጠፋ ነው የምጀምረው፤ ለመቃኘት የወጡት በሙሉ የሚመለሱት ያኔ ነው። ቀፎውን ቀደም ብዬ በወይራና በጥንጁት ጭስ አጥነዋለሁ፤ ውስጡን ደግሞ በጠጅ ሣር አሸዋለሁ። ጠጅ ሣሩን ከአባቴ ነው የያዝኩት፤ ከዘመናት በኋላ ምክንያቱን ከመጽሐፍ አገኘሁት። ንቦች «ቤታችን እዚህ ነው» ብለው የሚጠራሩበት ሽታና የጠጅ ሣር ሽታ የሚጋሩት ንጥረ ነገር አለ፣ ሲትራል ይባላል። ከዚያ ቀፎውን ከመንጋው ሥር አስጠግቼ ቅርንጫፉን አንዴ ጠንከር አድርጌ አራግፋለሁ። ክምሩ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ የተረፈው ይበተናል፤ ለደቂቃዎች ምንም አይታይም፣ አየሩ በሙሉ ንብ ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን ልብ ብላችሁ እዩ። አውራዋ ቀፎው ውስጥ ከገባች ጥቂት ሠራተኞች መግቢያው ላይ ቆመው ራሳቸውን ዝቅ፣ ጅራታቸውን ከፍ አድርገው ክንፋቸውን ማርገብገብ ይጀምራሉ። ያን ሽታ እየነፉ ነው። በአየር ላይ ያለው ሠራዊት ያንን ተከትሎ መሬት ለመሬት እየተጓዘ ይገባል። አውራዋ ካልገባች ግን የገቡትም ወጥተው ቅርንጫፉ ላይ ይመለሳሉ፤ እኔም ሌላ ሙከራ አዘጋጃለሁ። ሲጨልም ቀፎውን በጆንያ ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ። ለዚህ ሥራ ከደዋዩ ገንዘብ አልቀበልም፣ ንቡ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ስልክ ላይ የሚዞሩ የውጭ አገር ቪዲዮዎች አሉ፤ አንድ ሰው ጓንት ሳያጠልቅ መንጋ በእጁ እየዘገነ ሳጥን ውስጥ ሲጨምር። እሱን አይቶ የሚሞክር ወጣት እየበዛ ነው። ያ ንብ የአውሮፓ ንብ ነው፤ በዘመናት ገራም እየተመረጠ የተራባ። የእኛ ንብ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ሰው ማሩን ይዘርፈዋል፣ ጉንዳን ይወረዋል፣ ወፍ ይለቅመዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ይቆጣል። እ.ኤ.አ. በ1956 ዋርዊክ ኬር የተባለ ብራዚላዊ ሳይንቲስት ከአፍሪካ አውራዎችን ወደ አገሩ ወሰደ፤ በዓመቱ 26 መንጋ አመለጠበት። የነዚያ ዘር የደቡብ አሜሪካን ምድር አዳርሶ እ.ኤ.አ. በ1990 ቴክሳስ ገባ፤ ፈረንጆቹም «ገዳይ ንብ» ብለው ፊልም ሠሩበት። ለእኛ ግን የዚያ ንብ ዘመድ የዘወትር ጎረቤታችን ነው። የንብ ተመራማሪው አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ አምስት የንብ ዘሮችን ለይተዋል፤ በመካከለኛው ደጋ፣ ማለትም በእኛ ሰፈር ያለውን ባንዳሲ ብለውታል፤ ወደ ብራዚል የሄደው ዘር ደግሞ በምዕራብና በደቡብ እርጥብ ወይና ደጋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሌሎች ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ንብ አንድ ዘር ነው፣ ስሙም ሲሜንሲስ ይባል አሉ። ምሁራኑ ይከራከሩ። መንጋ ለመያዝ ለሚወጣ ሰው ግን በየትኛውም ስም ቢጠራ ልብስና ጭስ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ንቡ ኮርኒስ ውስጥ ከሰነበተ። መንጋ አዲስ ቤት በገባ በዚያው ዕለት ሰም ማውጣት ይጀምራል። ጥቂት ቀን ሳይቆይ መዳፍ የሚያህል እንጀራ ይሰቀላል፣ አውራዋ እንቁላል ትጥልበታለች፣ በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ያ ንብ የሚሞትለት ልጅ አለው። በሳምንታት ውስጥ ከቆርቆሮው ማገር የወረደ፣ ተደርድሮ የተሰቀለ እንጀራ ይሞላዋል። ጸባዩም የዚያኑ ያህል ይለወጣል፤ ትናንት ዝም ብሎ ያሳለፈውን ሰው ዛሬ በር ላይ ያሳድደዋል።

ሰዎች እኔን ከመጥራታቸው በፊት የሚሞክሯቸውን አውቃቸዋለሁ። አንደኛው መግቢያውን በጠራራ ፀሐይ በጭቃ መድፈን ነው። ውጭ የቀሩት ግቢውን ይወሩታል፤ ውስጥ የታፈኑት መውጫ ሲፈልጉ የአምፖሉን ቀዳዳ ያገኙና መኝታ ቤት ይወርዳሉ። ነጭ ጋዝ መርጨትና ችቦ ማስጠጋት ሁለተኛው ነው። የምንናገረው ስለ ደረቅ እንጨት፣ ስለ ማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስና ስለ ተላላጠ የመብራት ሽቦ ስለሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። ሦስተኛው ፍሊት ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ፍሊቱ አዋቂዎቹን ይገድላል፤ እጩና ማሩ እዚያው ይቀራል። እጩ ሲበሰብስ ቤቱ ከሽታው የተነሳ አያስቀምጥም። ጠባቂ ያጣውን ማር የሌላ ሰው ንቦች መጥተው ይዘርፉታል፣ መርዙንም ወደ ቀፏቸው ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያም የቤቱ ልጆች «ማር አለ» ብለው ይወጣሉ። ንብ በአገራችን በሕግ የሚጠበቅ ሀብት ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 660። አዋጁን ግን ፍሊት ሊገዛ ሱቅ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል ብዬ አልጠብቅም።

እኔ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው በኮርኒሱ ላይ መዳፌን እያንቀሳቀስኩ መዳሰስ ነው። ቺፑድ ከሆነ የእጩ ቦታ ይሞቃል። ንብ እጩን በ35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ስለሚያቆይ በአምቦ ቀዝቃዛ ማታ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። በማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረ ከሆነ ደግሞ ማሩ ያለበት በኩል ወደ ታች ረግቦ ይታያል። የሞቀውን ካወቅኩ የት እንደምቆርጥ አወቅኩ ማለት ነው። ቤተሰቡ ሌላ ክፍል ወይም ጎረቤት ያድራል፤ የበሩ ሥር በጨርቅ ይደፈናል፤ መብራት ይጠፋል። ንብ ቀይ ቀለም ስለማያይ ባትሪዬን በቀይ ፌስታል እሸፍናለሁ። ማጨሻው ውስጥ የደረቀ እበት ይጨሳል። ጭሱ ሁለት ነገር ይሠራል፤ አንደኛ ንቦቹ ቤታቸው የተቃጠለ መስሏቸው ማር ሆዳቸው ውስጥ መሙላት ይጀምራሉ፣ ሁለተኛ «ጠላት መጣ» ብለው የሚረጩትን ሽታ ይሸፍነዋል። ያ ሽታ የበሰለ ሙዝ ሽታ ነው። ሥራ ላይ ሆናችሁ ሙዝ ከሸተታችሁ ቆም በሉ፤ ጭስ ጨምሩ።

ከዚያ ቺፑዱን በመጋዝ አራት ማዕዘን አድርጌ ከፍቼ እንጀራውን አንድ በአንድ በቢላ እቆርጣለሁ። ማር ያለበት ክዳን ወዳለው ባልዲ ይገባል። እጭ ያለበትን በሲባጎ፣ እንጀራ ከአግዳሚ እንጨት ላይ ከሚንጠለጠልበት የሽግግር ቀፎ አግዳሚ ጋር አስሬ እንደነበረው አቁሜ አስገባዋለሁ፤ ተገልብጦ ከታሰረ እጩ ይበላሻል። የአግዳሚዎቹን ስፋት 32 ሚሊ ሜትር አድርጌ ነው የምሰነጥቃቸው፤ የእኛ ንብ በተፈጥሮው እንጀራውን የሚያራርቅበት መጠን ወደዚያ ነው። የንብ አናጢነት የሚሊ ሜትር ሥራ ነው። ላንግስትሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1851 የዘመናዊ ቀፎን ምስጢር ያገኘውም በዚሁ ልኬት ነበር። ንብ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት መተላለፊያ አድርጎ ይተወዋል፤ ከዚያ የጠበበውን በዛፍ ሙጫ ይደፍነዋል፤ የሰፋውን እንጀራ ይሠራበታል። እኔ ቤት ስሠራ የምተወው ክፍተት ሁሉ ለንብ ግብዣ መሆኑን ከዚህ ነው የተረዳሁት።

አውራዋ ከእጩ ጋር ከገባች ሠራተኞቹ ይከተሏታል። ቀፎውን ከቀዳዳው አጠገብ አስጠግቼ አሳድረዋለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ መግቢያውን በወንፊት ዘግቼ አነሳዋለሁ። እዚህ ላይ የቆየበት ጊዜ ሌላም ለውጥ ያመጣል። ተንጠልጥሎ የተያዘ መንጋ አሮጌ አድራሻውን ስለተወ ከዚያው ግቢ ጥግ ብታስቀምጡትም ይለምዳል። ኮርኒስ ውስጥ የሰነበተ ግን የግቢውን ካርታ በቃሉ ያውቀዋል። ጎረቤት ብታስቀምጡት በማግስቱ ቀሳሚዎቹ ወደ አሮጌው ቀዳዳ ተመልሰው ግድግዳው ላይ ይከመራሉ። ቢያንስ ከሦስት ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ መውሰድ ያስፈልጋል፤ የእኔዎቹ ጉደር ይወርዳሉ። እዚያም ቢሆን ሁሉም አይቆይም፤ የአገራችን ንብ ቦታው ካልተስማማው፣ ጉንዳን ካስቸገረው ወይም አበባ ከጠፋ ቀፎውን ባዶ ጥሎ ይኮበልላል። ነገሩ ያበሳጫል፤ ግን ለምደነዋል።

ንብ የነደፈው ሰው ምን ያድርግ? የንብ መንደፊያ እንደ መንጠቆ ጥርስ ስላለው ቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ ከረጢቱም ንቧ ከሄደች በኋላ መርዝ መግፋቱን አያቋርጥም። ድሮ «በጥፍርህ አትጭመቀው፣ በቢላ ጀርባ ጥረገው» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዘዴው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ፍጥነቱ ነው ቁም ነገሩ። ቢላ ፍለጋ ወጥ ቤት አትሂዱ፤ በምትችሉት ሁሉ ወዲያው አውጡት። አለርጂ የሌለበትን ጤነኛ አዋቂ ለሕይወቱ የሚያሰጋው በመቶዎች የሚቆጠር ንድፊያ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ግን በአንዷ ሊሞት ይችላል። ከተነደፈበት ቦታ ርቆ ሰውነቱ በሙሉ ካሳከከው፣ ከንፈሩና ጉሮሮው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው፣ ጤፍ ሊጥም ሆነ ነጭ ሽንኩርት መቀባቱን ትታችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የሚያድነው አድሬናሊን የሚባል መርፌ ነው፤ ደቂቃም ዋጋ አለው።

ንብ ከተነሳባችሁ ሩጡ። መሬት ላይ መተኛት፣ በነጠላ ማራገብ፣ ወንዝ መግባት የሚሉትን ተዉ፤ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ለመተንፈስ ሲወጣ ንቡ ከላይ ይጠብቀዋል። ፊታችሁን ሸፍናችሁ ቤት ግቡና በር ዝጉ፤ ተከትለው የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው። ንብ ጥቁርና ጠጉራም ነገር፣ ላብና ሽቶ ይጠላል። ለዚህም ነው በንብ ቀፎ አጠገብ የታሰረ የጋሪ ፈረስ ወይም በግ ብዙ ጊዜ የሚሞተው፤ ጠጉሩም ላቡም አለው፣ ገመዱ ደግሞ መሸሻ ይነሳዋል። ንብ ያለበት ግቢ ውስጥ እንስሳ አጭር ገመድ ላይ አትሰሩ።

ስለ ተርብ ብዙ አልልም። ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ወረቀት መሰል ጎጆ የሚሠራው እሱ ማር የለውም፣ ሰምም የለውም፤ በመተላለፊያ ላይ ካልሆነ ልትተዉት ትችላላችሁ። አትክልታችሁን የሚበላ አባጨጓሬ ይለቅማል።

ስለ ጣዝማ ግን ብዙ አለኝ። በአምቦና በዙሪያዋ ጎመንና ጌሾ በተተከለበት ጓሮ፣ አንዳንዴ በመሬት ላይ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ትታያለች፤ አፏ ላይ ከሰምና ከሙጫ የተሠራ አጭር ቱቦ ይኖራታል፤ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ይገቡባታል ይወጡባታል። ሰው ጉንዳን ወይም ዝንብ መስሎት የፈላ ውኃ ያፈስባታል። ኦሮምኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቼ ዳሙ የሚሉት ጣዝማ ነው፤ መንደፊያ የሌለው፣ መሬት ውስጥ ቤት የሚሠራ የንብ ዘመድ። ማሩን በሰም ጋን ነው የሚያስቀምጠው፤ ቀጭን፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል፣ ለሳልና ለሆድ ይሻላል እየተባለ ከተራ ማር እጅግ በላቀ ዋጋ የሚሸጥ ነው። ችግሩ ዋጋው ላይ ነው። አንዴ ጣዝማ መኖሩ ከተወራ አካፋ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ክንድ ሁለት ክንድ ተቆፍሮ የሚወጣው ማር ጥቂት ነው፤ ጎጆው ግን ይፈርሳል፤ ንቦቹም ብዙ ጊዜ አይተርፉም። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ጣዝማን በቀፎ ለማርባት ሞክረዋል፤ ሥራው ቢስፋፋ የመቆፈሩ ነገር ይቀንስ ነበር። እስከዚያው ግን ጓሮ የገባ ጣዝማ ማንንም አይጎዳም፤ ማንም እንዲያባርረው አልመክርም። ዙሪያውን በድንጋይ ከልሉት፤ የልብስ እጥበት ውኃ ወደዚያ አታፍስሱ። መኖሩንም ለሰው አትንገሩ።

ለምክር የሚሄድበት ቦታ ለሚፈልግ ሰው፣ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም የእንስሳት ባለሙያ አለ። ለጉጉት ያህል ንብ ሲጠበቅ ምን እንደሚገኝ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከአምቦ በስተ ደቡብ ወደ ወንጪ ይውጣ፤ የአስታውና የኮሶው ማር ከእሳተ ገሞራው ሐይቅ ዳር ይገኛል። ስሎው ፉድ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ስሙን በዓለም እያስተዋወቀው ነው።

ንቡ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ የአናጢው ነው። የቀረውን ሰም ከማገሩ ላይ በመፋቂያ አነሳለሁ፣ በሞቀ ውኃና ሳሙና አጥባለሁ፤ የሰሙ ሽታ ካልጠፋ የሚመጣው ዓመት መንጋ ተመልሶ እዚያው ይገባልና። ቀዳዳውን ከውጭ በወንፊት ሽቦ እቸነክራለሁ፤ ቆርቆሮው ግድግዳውን የሚገናኝበትን ዙሪያ በሙሉ እመለከታለሁ። ይህን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሠራት ርካሽ ነው፤ ያኔ ግን ማንም አይጠራኝም።

ስለ ክፍያ ለሚጠይቁኝ፤ ኮርኒሱን መክፈትና መዝጋት በእንጨት ሥራ ዋጋ ነው፣ ንቡ የእኔ ነው፣ ማሩ የቤቱ ነው። «የቤቱ» የሚለው ላይ ግን ጠብ አለ። አከራዩ «ኮርኒሱ የእኔ ነው» ይላል፣ ተከራይዋ «ከሥሩ የተኛሁት፣ የተነደፍኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ ኮርኒስ ከመክፈቴ በፊት ማሩ ለማን እንደሚሆን በቃል ተስማሙልኝ እላለሁ። ካልተስማሙ መሰላሌን አልዘረጋም።